የማዳበሪያ መርከብ ውል የሚጻፍባቸው አህጽሮተ ቃላት ለደብረ ወርቅ ማሳ ምን ማለት ናቸው?

ደብረ ወርቅ፦ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ደብረ ወርቅ ዙሪያ የሚያርሰው ገበሬ ስለ አፈር ማዳበሪያ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። መቼ ይገባል? ዋጋው ስንት ነው? ለቤተሰቤ ስንት ኩንታል ይደርሳል? የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኮሚቴም፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም እነዚህኑ ጥያቄዎች በየዓመቱ ይሰማሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በወረዳም በዞንም አይደለም። ከዘር ወቅት ብዙ ወራት አስቀድሞ በሻጭ፣ በገዥና በመርከብ ባለቤት መካከል በሚፈረሙ ውሎች ነው።

እነዚህ ውሎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ኤፍ ኦ ቢ፣ ሲ አይ ኤፍ፣ ሌይካን፣ ኤን ኦ አር፣ ሌይታይም፣ ዲመሬጅ፣ ቢ ኤል የሚሉት ቃላት በዜና መካከል አልፎ አልፎ ይሰማሉ፤ ትርጉማቸው ግን እምብዛም አይብራራም። ባሕር ከሌላት አገር፣ ከባሕር በመንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር አርሶ አደር ሩቅ ነገር ሊመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል «ቢዘገይ ማን ይከፍላል? ቢጠፋ ማን ይከስራል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የመጨረሻው ከፋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰኔ ላይ በሬውን ጠምዶ የሚጠብቀው ሰው ነው።

የባሕር በር ያጣች አገር የባሕር ውል

ኢትዮጵያ ከባሕር ንግድ ሕግ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የአገሪቱ የባሕር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ መርከብ ኪራይ ውልም ሆነ ስለ ጭነት ሰነድ ደንግጓል። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት የአሰብ ወደብ አገልግሎት ሲቋረጥ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያው ነው። በ2004 ዓ.ም. የንግድ መርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት እንዲሁም የደረቅ ወደብ ድርጅቶች ተዋሕደው አሁን የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ተብሎ የሚታወቀው ተቋም ተመሠረተ።

በማዳበሪያ ግዢ ውስጥ የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በጨረታና በድርድር ከውጭ አምራቾችና ነጋዴዎች ይገዛል፤ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ያጓጉዛል፤ ዩኒየኖችና መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ተረክበው ለአርሶ አደሩ ያከፋፍላሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአንድ የምርት ዘመን የሚገዛው መጠን ከ20 ሚሊዮን ኩንታል አልፏል። ይህ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ማለት ነው። አንድ መርከብ 50,000 ቶን ይጭናል ብንል፣ ለዚህ መጠን ቢያንስ 40 መርከቦች ጅቡቲ ደርሰው መራገፍ አለባቸው። ስንዴ፣ ብረት፣ የድንጋይ ከሰልና ሌላውም ጭነት በዚያው ወደብ ይስተናገዳል። የውሉ ቃላት ትርጉም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ኤፍ ኦ ቢ ወይስ ሲ አይ ኤፍ?

በዓለም አቀፍ ግዢ ላይ የሚታወቁት እነዚህ አህጽሮተ ቃላት የሚወጡት መቀመጫውን በፓሪስ ካደረገው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ «ኢንኮተርምስ» የተባሉትን የንግድ ቃላት መጀመሪያ ያወጣው እ.አ.አ. በ1936 ሲሆን፣ የቅርቡ እትም የ2020 ነው። በውስጡ 11 ቃላት ይዟል፤ ለማዳበሪያ ግዢ ግን በተለይ ሦስቱን ማወቅ ይጠቅማል።

ኤፍ ኦ ቢ ማለት ሻጩ ዕቃውን በራሱ አገር ወደብ ገዥው በላከው መርከብ ላይ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመርከብ ኪራይ፣ የመድን ዋስትናና የመንገድ አደጋ ሁሉ የገዥው ነው ማለት ነው። ሲ ኤፍ አር ሲባል ሻጩ እስከ መድረሻው ወደብ ያለውን የመርከብ ክፍያ ይሸፍናል። ሲ አይ ኤፍ ሲባል ደግሞ ከመርከብ ክፍያው ጋር የመድን ዋስትናውንም ሻጩ ይገዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎችን ሳይቀር የሚያሳስት ነገር አለ። በሲ አይ ኤፍ የተገዛ ዕቃ ጅቡቲ እስኪደርስ አደጋው የሻጩ የሚመስላቸው አሉ። እንዲያ አይደለም። በሦስቱም ቃላት አደጋው ከሻጭ ወደ ገዥ የሚተላለፈው ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከቡ ላይ ሲጫን ነው። ልዩነቱ የጉዞውን ወጪ ማን ይከፍላል የሚለው ላይ ብቻ ነው። መርከቡ መንገድ ላይ ቢሰጥም የመድን ድርጅቱን በር የሚያንኳኳው ገዥው ነው።

የኢትዮጵያ ፖሊሲ የገቢ ዕቃ በኤፍ ኦ ቢ እንዲገዛና በአገሪቱ አጓጓዥ እንዲመጣ ያዝዛል፤ ከዚህ ውጭ ለማጓጓዝ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፖሊሲው ምክንያት ግልጽ ነው። ለጉዞው የሚከፈለው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ኩባንያ ከመሄድ ይልቅ በአገር ተቋም በኩል ይያዛል፤ የመርከብ ምርጫውና የጉዞ ጊዜውም በገዥው እጅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሥልጣን ከነኃላፊነቱ ነው። በኤፍ ኦ ቢ የገዛ አገር መርከቡን በወቅቱ ወደ ሻጩ ወደብ ካላደረሰ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ዕቃው ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ለሚፈጠረው ወጪ ተጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ ኤፍ ኦ ቢ የሚያዋጣው መርከብ ቀድሞ ለሚያዘጋጅና ቀን ለሚያከብር ገዥ ነው።

መርከብ መከራየት እንደ በሬ መከራየት

የአገሪቱ መርከቦች ለዚህ ሥራ አይበቁም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ዓመታት በቻይና ተሠርተው ከገቡት ዘጠኝ መርከቦች ሰባቱ ደረቅ ጭነት የሚያጓጉዙ፣ እያንዳንዳቸው 28,000 ቶን ገደማ የመሸከም አቅም ያላቸው ናቸው። ይህ አቅም በመርከብ ሰዎች ቋንቋ ዲ ደብሊው ቲ ይባላል፤ መርከቡ ጭነቱን፣ ነዳጁን፣ ውኃውንና ስንቁን ጨምሮ ሊሸከም የሚችለው ጠቅላላ ክብደት ነው። ብትን ማዳበሪያ ግን ብዙ ጊዜ የሚጫነው ከ50,000 እስከ 60,000 ቶን በሚይዙ ሱፕራማክስ በተባሉ መርከቦች ነው። እነዚህ በኪራይ ይመጣሉ።

የኪራይ ውሉ «ቻርተር ፓርቲ» ይባላል። ስሙ «የተከፈለ ወረቀት» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ በጥንት ዘመን ውሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ለሁለት ይቀደድና ተዋዋዮቹ ይካፈሉት ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት በኮፐንሃገን መቀመጫውን ያደረገው ቢምኮ የተባለው የመርከብ ባለቤቶችና የአጓጓዦች ማኅበር ያዘጋጀው ቅጽ ነው። ማኅበሩ እ.አ.አ. በ1905 የተመሠረተ ሲሆን፣ «ጄንኮን» የተባለው ቅጹ በ1922 ወጥቶ በ1976፣ በ1994 እና በ2022 ተሻሽሏል።

ኪራዩ ሦስት ዓይነት ነው። ልዩነቱን ለመረዳት የጎጃም ገበሬ ባሕር ማየት አያስፈልገውም። አንድ ማሳ በተቆረጠ ዋጋ አርሶ እንዲያስረክብ ከባለ በሬ ጋር መዋዋል «ቮዬጅ ቻርተር» ነው። ዋጋው ለአንድ ጉዞ ወይም በቶን ይቆረጣል፤ ነዳጁም መርከበኛውም የባለ መርከቡ ነው። በሬውን ከነአራሹ ለተወሰኑ ቀናት ይዞ፣ የበሬውን መኖ ራስ ችሎ የፈለጉትን ማሳ ማሳረስ «ታይም ቻርተር» ነው። ኪራዩ በቀን ይቆጠራል፤ ነዳጁን የሚገዛው ተከራዩ ነው። በሬውን ብቻ ወስዶ በራስ አራሽ ማረስ ደግሞ «ቤርቦት ቻርተር» ይባላል። በቮዬጅ ቻርተር መርከቡ ባሕር ላይ ቢዘገይ ጉዳቱ የባለቤቱ ነው፤ በታይም ቻርተር ግን ቀን የበላ ሁሉ የተከራዩን ኪስ ይበላል።

ከዋጋው ቀጥሎ ጭነቱን የሚያራግፈው ማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። ኤፍ አይ ኦ የሚል ውል የመጫኛውም የማራገፊያውም ወጪ መርከቡን አይመለከትም ማለት ነው፤ «ላይነር ተርምስ» የሚል ግን ሁለቱንም በመርከብ ክፍያው ውስጥ ያጠቃልላል። ሁለት የኪራይ ዋጋዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ይረክሳል» ማለት የሚቻለው ይህ ከታየ በኋላ ነው።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

የማዳበሪያውን ጊዜ በቀጥታ የሚነኩት ቃላት የሰዓት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው «ሌይካን» ነው። መርከቡ በመነሻው ወደብ ለመጫን መቅረብ ያለበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ያመለክታል። ከመጨረሻው ቀን ካለፈ ተከራዩ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ይህ መብት ወረቀት ላይ መልካም ነው፤ መጋቢት ላይ መርከብ ሰርዞ ሌላ መፈለግ ግን ዘርን ያሳልፋል። ኢ ቲ ኤ መርከቡ ይደርሳል ተብሎ የሚገመትበት ቀን ነው። ግምት እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም፤ «መርከቡ በዚህ ቀን ይደርሳል» የሚል ዜና ሲሰማ ይህን ማስታወስ ይገባል።

መርከቡ ወደቡ ዘንድ ሲደርስ ካፒቴኑ ለማራገፍ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ይህ ኤን ኦ አር ይባላል። ለማራገፊያ የተፈቀደው ጊዜ፣ ማለትም «ሌይታይም»፣ መቆጠር የሚጀምረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በ1994ቱ የጄንኮን ቅጽ መሠረት ማስታወቂያው እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ከቀረበ ቆጠራው በዚያው ቀን 7 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በሥራ ሰዓት ከቀረበ ደግሞ በማግሥቱ የሥራ ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል።

ወሳኙ ጥያቄ መርከቡ ወደብ ደርሶ መቆሚያ ቦታ ቢያጣስ የሚለው ነው። ውሉ ዊቦን የሚል ቃል ካለበት መልሱ ተጽፏል፦ መቆሚያው ቢገኝም ባይገኝም ሰዓቱ ይቆጥራል። መርከቡ ባሕር ላይ መልሕቁን ጥሎ ተራ በሚጠብቅበት ጊዜ የተከራዩ ገንዘብ ይነጉዳል ማለት ነው። የወደብ መጨናነቅን ዕዳ ከባለ መርከቡ ትከሻ አውርዶ በገዥው ላይ የሚጭነው ይህ አንድ ቃል ነው።

የዕረፍት ቀናትም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ሺንክ የሚል ውል እሑድና በዓል ሳይባል ሁሉም ቀን ይቆጠራል ይላል፤ ሼክስ የሚል እሑድና በዓልን ያወጣል። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ በሆነባቸው እንደ ጅቡቲ ባሉ ወደቦች ደግሞ ዓርብን የሚያወጣው ኤፍ ሄክስ የሚል አጻጻፍ ይታወቃል። «ዌዘር ወርኪንግ ዴይ» ሲባል ደግሞ ዝናብ ወይም ነፋስ ሥራ ያስቆመበት ጊዜ አይቆጠርም ማለት ነው። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ ለማዳበሪያ ይህ ቃል ዋጋ አለው።

የተፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ «ዲመሬጅ» ይመጣል። በውሉ አስቀድሞ በተቆረጠ የቀን ዋጋ የሚከፈል የመዘግየት ቅጣት ነው። ከተፈቀደው ጊዜ በፊት ያራገፈ ተከራይ በተቃራኒው «ዲስፓች» የተባለ ሽልማት ያገኛል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የዲመሬጁ ግማሽ ነው። በመርከብ ንግድ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፦ አንዴ ዲመሬጅ ውስጥ የገባ መርከብ እስኪራገፍ ድረስ በዲመሬጅ ላይ ይቆያል። ውሉ የተለየ ነገር ካልጻፈ በቀር ቅጣቱ ከጀመረ በኋላ ዓርብም በዓልም ዝናብም አያቋርጡትም።

ይህ ተግባራዊ ትርጉሙ በ2008 ዓ.ም. ታይቷል። በኤልኒኖ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ የዕለት ደራሽ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ዜጎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ለእነሱ የተገዛው ስንዴ የጫኑ መርከቦች ለመኸር ማዳበሪያ ከጫኑት ጋር በአንድ ወቅት ጅቡቲ ደረሱ፤ በርካቶቹም ባሕር ላይ ተራ ለመጠበቅ ተገደዱ። ወደቡ ስንዴውን ያስቀድም ወይስ ማዳበሪያውን የሚለው ምርጫ ከባድ ነበር። ስንዴው የዚያን ዓመት ረሃብ ያስታግሳል፤ ማዳበሪያው የመጪውን ዓመት ረሃብ ይከላከላል።

ቅጣቱ በአንድ ከረጢት ስንት ይደርሳል?

ጉዳቱን ለመመዘን ለማሳያ ያህል አንድ ስሌት መሥራት ይቻላል። 50,000 ቶን የጫነ መርከብ በ50 ኪሎ ሲታሸግ 1,000,000 ከረጢት ይሆናል። ውሉ በቀን 5,000 ቶን ይራገፋል የሚል ከሆነ ሌይታይሙ 10 ቀን ነው። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና 400 ኩንታል ቢጭን ለመርከቡ 1,250 ምልልስ ያስፈልጋል፤ በየቀኑም 125 መኪና መገኘት አለበት። የሚቀርበው 100 ብቻ ከሆነና በወደቡ በቂ መጋዘን ከሌለ ማራገፉ ወደ 4,000 ቶን ይወርዳል፤ ሥራው 12 ቀን ተኩል ይፈጃል።

የዲመሬጁ ዋጋ በቀን 20,000 ዶላር ነው እንበል። የሁለት ቀን ተኩሉ መዘግየት 50,000 ዶላር ያስከፍላል። ለአንድ ከረጢት ሲከፋፈል 5 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ነው። መዘግየቱ 10 ቀን ቢደርስ ድርሻው 20 ሳንቲም ይሆናል። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ይህ በከረጢት 11 ብር ከ40 ሳንቲም ነበር፤ ዶላሩ በ120 ብር ሲታሰብ 24 ብር ይሆናል።

ስሌቱ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ቅጣቱ የሚከፈለው በዶላር በመሆኑ በብር ያለው ክብደት ከምንዛሪው ጋር ያድጋል፤ መንግሥት ለማዳበሪያ ድጎማ በሚያደርግበት ጊዜ ደግሞ ከድጎማው ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛው የበለጠ ያመዝናል። የዲመሬጅ ገንዘብ በከረጢት ሲከፋፈል ገበሬውን የሚያደኸይ አይደለም። የሚያደኸየው የጠፋው ቀን ነው።

ዳፕ የሚሰጠው ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ከቦታ ቦታ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከዘሩ ጋር አብሮ ከሥሩ አጠገብ መግባት አለበት፤ ቡቃያው ከበቀለ በኋላ ላዩ ላይ ቢበተን ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ዩሪያ ግን ከውኃ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ከፊሉ ሰብሉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ይጨመራል። በደብረ ወርቅ አካባቢ ደጋ ስንዴ ከሰኔ መጨረሻ፣ ጤፍ ደግሞ በሐምሌ ይዘራል። በዚህ መሠረት አሥር ቀን የዘገየ የዩሪያ መርከብ ሊካካስ ይችላል፤ አሥር ቀን የዘገየ የዳፕ መርከብ ግን የአንድን ዓመት ምርት ይቀንሳል። በውሉ ላይ ሁለቱም እኩል የቀን ቅጣት ሊኖራቸው ይችላል፤ በማሳው ላይ ግን እኩል አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. ሰኔና ሐምሌ በአማራ ክልል በማዳበሪያ እጥረት የተነሣው የአርሶ አደሮች አቤቱታም በመሠረቱ የቀን ጥያቄ ነበር።

ሰነዱ ሳይደርስ መርከቡ ቢደርስ

ከመርከቡ ጋር የሚጓዙ ወረቀቶችም አሉ። ቢ ኤል በመባል የሚታወቀው የጭነት ሰነድ ሦስት ሥራ አለው፦ ዕቃው ለመጫኑ ደረሰኝ ነው፤ የማጓጓዣ ውል ማስረጃ ነው፤ ከሁሉም በላይ የዕቃው ባለመብትነት መያዣ ነው። ዋናውን ሰነድ ያልያዘ ዕቃውን መረከብ አይችልም። ሰነዱ «ክሊን» ከተባለ ዕቃው ሲጫን የሚታይ ጉድለት አልነበረበትም ማለት ነው።

ሻጩ ገንዘቡን የሚያገኘው ይህንን ሰነድ ለባንክ በማቅረብ ነው፤ ሥርዓቱ ኤል ሲ ይባላል። የገዥው ባንክ «ሰነዶቹ እንደ ውሉ ከቀረቡ እከፍላለሁ» ብሎ ይገባል። የውጭ ምንዛሪ ሳይገኝ ቀርቶ ኤል ሲው ከዘገየ ሻጩ አይጭንም። የተከራዩት መርከብ ግን ሌይካኑን ጠብቆ ይቀርባል። ስለዚህ የባንክ መዘግየት በመነሻው ወደብ ዲመሬጅ ሆኖ ይመለሳል።

የክብደት ጉዳይም አለ። ብትን ጭነት በሚዛን ብቻ ሳይሆን መርከቡ ከመጫኑ በፊትና ከተጫነ በኋላ በውኃ ውስጥ የሚሰምጠውን ጥልቀት በመለካት ይሰላል፤ ይህ «ድራፍት ሰርቬይ» ይባላል። ውሎች ከተባለው መጠን በመቶኛ የተወሰነ ጭማሪ ወይም ቅናሽ ይፈቅዳሉ። በ50,000 ቶን ላይ 5 በመቶ ሲፈቀድ ልዩነቱ 25,000 ኩንታል ነው። «በማን ምርጫ?» የሚለው ቃል ካልታየ አንድ ወረዳ ይጠብቀው የነበረው መጠን ከባሕሩ ማዶ ሊቀር ይችላል።

ቀይ ባሕርና የዳፕ መንገድ

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በንግድ መርከቦች ላይ የሰነዘሩት ጥቃት እነዚህን ውሎች በአንድ ጊዜ ለውጧቸዋል። የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው መርከብ በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ በሚሳይል ተመትታ የካቲት 23 ቀን ሰጠመች። ጭነቷ ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የምትመጣ አልነበረችም፤ አደጋው ግን የማዳበሪያ መርከብ የሚያልፍበት መንገድ ምን ያህል እንደጠበበ አሳይቷል።

የውሉ ቋንቋ ለዚህም ቦታ አለው። «ዋር ሪስክ» የተባለው አንቀጽ ባለ መርከቡ ወደ ጦርነት ቀጣና አልገባም የማለት መብት ይሰጠዋል፤ ከገባም ተጨማሪ የመድን ክፍያ ይጠየቃል። ያንን ክፍያ ባለቤቱ ይሸፍን ወይስ ተከራዩ የሚለው በድርድር ይወሰናል።

ጅቡቲ ያለችው ከባብ ኤል መንደብ በስተ ደቡብ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚመጣ ዩሪያ ወደ ጅቡቲ ለመግባት ቀይ ባሕርን ማቋረጥ አያስፈልገውም። ለዓመታት በብዛት ከሞሮኮው ኦሲፒ ኩባንያ ሲገዛ የቆየው የፎስፌት ማዳበሪያ ግን በስዊዝ ቦይ አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ሙሉ በሙሉ አቋርጦ በጠባቡ በር መውጣት ይኖርበታል። ያ ካልሆነ አፍሪካን በደቡብ ይዞራል፤ ርቀቱም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እንግዲህ ለመዘግየት ቦታ የሌለው ማዳበሪያ የሚመጣው አደጋ በበዛበት መንገድ ነው። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቀላል ነው፦ የፎስፌቱ መርከቦች ሌይካን ከዩሪያው ቀድሞ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት መያዝ ይኖርበታል። ዙሪያውን ለመሄድ የሚያስችል ትርፍ ጊዜ የሚኖረው ያኔ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ወደብ መጋዘኑ ነው

ከጅቡቲ ወዲህ ያለው መንገድም የመርከቡን ሰዓት ይወስናል። ወደብ ላይ የታሸገው ማዳበሪያ በባቡርና በመኪና ወደ መሐል አገር ይገባል። ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚመጣው የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ይደርሳል፤ ከዚያ በቢቸና በኩል ወደ ደብረ ወርቅ ያቀናል። የጸጥታ ችግር መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ፣ መጋዘን ሞልቶ ባዶ ቦታ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ወይም ጫኝና አውራጅ በሰዓቱ በማይገኝበት ጊዜ መኪናው ይቆማል። የቆመ መኪና ወደ ጅቡቲ አይመለስም፤ መኪና ያልተመለሰለት ወደብ ደግሞ መርከብ ማራገፍ አይችልም። በአንድ ቀበሌ መጋዘን ደጃፍ የጠፋ ቀን በሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተጉዞ በባሕር ላይ በዶላር ይከፈላል።

ስለዚህ በደብረ ወርቅም ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘናቸውን ከክረምት በፊት አጽድተው ቢያዘጋጁ፣ የአርሶ አደሩ የፍላጎት ዝርዝርና ቅድመ ክፍያ በወቅቱ ቢጠናቀቅ፣ መኪና በደረሰበት ቀን ቢራገፍ ድርሻቸውን ተወጡ ማለት ነው። ከላይ ያለው አካል ደግሞ የየመርከቡን ስም፣ የጫነውን የማዳበሪያ ዓይነት፣ የሚጠበቅበትን ቀንና የተራገፈውን መጠን በየሳምንቱ ለክልልና ለወረዳ ቢያሳውቅ፣ «መቼ ይገባል?» የሚለው ጥያቄ ከወሬ ወጥቶ በስሌት ይመለሳል። ዳፕ ይዘገያል የሚል መረጃ በግንቦት የደረሰው ገበሬ ኮምፖስት ሊያዘጋጅ፣ የጥራጥሬ ማሳውን ሊያሰፋ፣ ያለውን ማዳበሪያ ለየትኛው ሰብል እንደሚሰጥ ሊመርጥ ይችላል። ሐምሌ ላይ የሰማው ግን ምርጫ የለውም።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምተዋል። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የዩሪያ መርከቦች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። የሚያመርተው ዩሪያ በመሆኑ ግን ፎስፌቱ ከውጭ መምጣቱ ይቀጥላል፤ ለቀን ይበልጥ የሚቸኩለው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ሌይካን፣ ኤን ኦ አርና ዲመሬጅ ለብዙ ዓመታት ከደብረ ወርቅ የዘር ወቅት ጋር ተያይዘው ይኖራሉ። ቃላቱን የሚያውቅ የኅብረት ሥራ ኮሚቴ ማዳበሪያው የዘገየው በባሕር ላይ ነው፣ በባንክ ነው፣ በወደብ ነው ወይስ በመንገድ ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይችላል፤ ተለይቶ የተጠየቀ ጥያቄም መልስ ሰጪውን አካል ለይቶ ያገኛል።